ማን ጣለኝና ነው የሚያነሳኝ?



ንግግሬን ከአንዲት ጎረቤቴ ልጀምር። ወንድ ልጃቸው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ይኖራል። ሊጠይቁት ሊሄዱ ነው፤ ቪዛው ተገኝቷል፣ ቲኬቱ ተቆርጧል፣ በርበሬና ሽሮውም ተቋጥሮ አልቋል። በመጨረሻው ሳምንት ልጁ በስልክ መልእክት ላከላቸው። «እማ፣ ምንም አታስቢ፤ ደለስ ኤርፖርት ስትደርሺ እኔው ራሴ ፒክ አፕ አደርግሻለሁ» ይላል። እንግሊዝኛ ሳስተምር እንደኖርኩ ስለሚያውቁ ስልካቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ። «ይኼ ፒካፕ የሚለው ምንድን ነው? በጭነት መኪና ሊወስደኝ ነው?» አሉኝ። እኔም መምህር አይደለሁ፣ ቃል በቃል ፈታሁት። «አይ እትዬ፣ ፒክ አፕ ማለት ማንሳት ነው። ያነሳዎታል ማለቱ ነው» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝና፣ «ማን ጣለኝና ነው የሚያነሳኝ?» አሉ።

ስቄ አለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ «ፒክ አፕ፦ አነሳ» ብዬ ጽፌ ተማሪ ሳስገለብጥ ኖሬያለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ያን ቀን ልሰጣቸው ይገባ የነበረውን መልስ ነው።

እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ግስ ፍሬዛል ቨርብ ይሉታል፤ ሐረጋዊ ግስ ልንለው እንችላለን። አንድ ተራ ግስ ትወስዳላችሁ፣ «ወደ ላይ»፣ «ወደ ውጭ»፣ «ላይ» ከሚሉት ትንንሽ ቃላት አንዱን ከኋላው ትቀጥላላችሁ፤ ሁለቱ ተጋብተው ሁለቱንም የማይመስል ልጅ ይወልዳሉ። «ፒክ» ለብቻው መልቀም፣ መቅጠፍ፣ መምረጥ ነው። «አፕ» ወደ ላይ ነው። ሲገናኙ ግን ስልክ ይመልሳሉ፣ ጉንፋን ያስይዛሉ፣ አረብኛ ያስተምራሉ፣ ሒሳብ ይከፍላሉ፣ ሰው ያሳስራሉ።

በመጀመሪያ ሥሩን እንይ። ቡና ለቀማ የሚያውቅ ሰው እዚህ አይጠፋም። ዛፉ ላይ ያለውን ቀይ ፍሬ ስትለቅሙ እንግሊዝኛው «ፒክ» ብቻ ይላል። ከዛፉ ሥር የረገፈውን ስትለቅሙ ነው «ፒክ አፕ» የሚለው። አማርኛችን ሁለቱንም ለቀማ ብሎ ያልፋል፤ እንግሊዝኛ ግን የወገቡን መጉበጥ ይቆጥራል። አንድ ነገር መሬት ላይ ተቀምጧል፣ አንድ ሰው በዚያ ያልፋል፣ ጎንበስ ብሎ ያነሳና መንገዱን ይቀጥላል። ይህችን ትንሽ ትዕይንት በዓይነ ሕሊናችሁ ያዙልኝ፤ ቀሪው ትርጉም አብዛኛው ከእርሷ ይመዘዛል።

ከትዕይንቷ ውስጥ ዋናው ማንሳቱ እንዳይመስላችሁ። ዋናው ማለፉ ነው። አማርኛ ለዚህ «አነሳ» ከሚለው ይልቅ የሚቀርብ ሌላ ሐረግ አለው፤ እግረ መንገድ። ሚስት ባሏን «ስትመጣ ዳቦ ፒክ አፕ አድርግ» ስትለው ዳቦ ቤት ድረስ ሂድ ማለቷ አይደለም፤ እግረ መንገድህን ይዘህ ና ማለቷ ነው። አባት ልጁን ከትምህርት ቤት «ፒክ አፕ» ሲያደርግ ልጁ በር ላይ ቆሟል፣ መኪናው ይቆማል፣ ልጁ ይገባል፣ መኪናው ይሄዳል። ማንም አልወደቀም። ለጎረቤቴ «መንገድ ላይ ተቀብሎ ይዞዎት ይሄዳል» ብላቸው ኖሮ ጥያቄ ባልነበራቸው።

በጭነት መኪናውም ቢሆን ያን ያህል አልተሳሳቱም። እኛ ደብል ጋቢና፣ ሲንግል ጋቢና እያልን የምንከፍለው ፒካፕ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ግስ ነው፤ ዕቃ ካለበት አንስቶ የሚሄድ ማለት ነው። የፎርድ ኩባንያ በ1925 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሞዴል ቲ የተባለችውን መኪናውን ከኋላዋ ክፍት ሣጥን ገጥሞላት «ፒክ አፕ» በሚል ስም ከፋብሪካ አውጥቶ ሸጧል። በነገራችን ላይ ግሱና ስሙ በአነጋገር ይለያሉ። መኪናውን ስትጠሩ «ፒክ» ላይ ትጫናላችሁ፤ አነሳ ለማለት ስትፈልጉ ጫናው «አፕ» ላይ ይወድቃል። እትዬም የልጃቸውን መልእክት ከስልክ አንብበው እንጂ ከአፉ ስላልሰሙት ነው መኪና የታያቸው።

አሁን ወደምወደው ትርጉም ልለፍ። ቋንቋ መማር አንድ ነገር ነው፤ ቋንቋ «ፒክ አፕ» ማድረግ ሌላ ነው። የተማረ ሰው ደብተር ነበረው፣ ፈተና ነበረው። «ፒክ አፕ» ያደረገ ሰው ግን በሌላ ጉዳይ ሲባዝን ቋንቋው እግሩ ሥር ወድቆ አግኝቶታል። ዱባይ፣ ሪያድ፣ ኩዌት ሰው ቤት የሠሩ እህቶቻችን አረብኛውን ከየት አመጡት? ከወጥ ቤት፣ ከሕፃናቱ አፍ፣ ከእመቤቲቱ ቁጣ። ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማራቸውም። እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያንን ብትጠይቁ ሁለቱንም መንገድ ያውቁታል። ኡልፓን በሚባለው የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት ገብተው የተማሩት አለ፤ ልጆቻቸው ደግሞ ከሰፈር፣ ከኳስ ሜዳ፣ ኋላም ከወታደር ቤት ለቃቅመው ያመጡት አለ። እንግሊዝኛው ለመጀመሪያው «ለርን»፣ ለሁለተኛው «ፒክ አፕ» ይላል።

«ለቃቅመው» ያልኩት እንዲሁ አፌ ላይ ስለመጣ አይደለም። «አረብኛ ትችያለሽ?» ሲሏት «ትንሽ ለቃቅሜያለሁ» የምትል ሴት እንግሊዛዊው በሁለት ቃል የሚለውን በአንድ ቃል ብላዋለች። ከዚህም ከዚያም፣ ትንሽ በትንሽ፣ ያለ አስተማሪ የሚለው ሐሳብ በእንግሊዝኛው ከግሱ ጀርባ በተቀጠለው ቃል ይገባል፤ በአማርኛ ግን ግሱ ራሱ መሐሉን ደግሞ፣ ለቀመ ሲል ለቃቀመ ብሎ ያስገባዋል። አንድ ምክር ልጨምር። ሥራ ስትጠይቁ በማመልከቻችሁ ላይ «እንግሊዝኛ ፒክ አፕ አድርጌያለሁ» ብላችሁ አትጻፉ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ የቀጠቀጣችሁትን ትምህርት መንገድ ላይ ያገኛችሁት አስመስላችሁ ማቅለላችሁ ነው።

በሽታ ላይ ስንደርስ ሁለቱ ቋንቋዎች ይጣላሉ። እኛ «ጉንፋን ያዘኝ» እንላለን። ያዡ ጉንፋኑ ነው፤ እኛ ምን አጠፋን፣ በሰላም ስናልፍ ጨበጠን። እንግሊዛዊው ግን «ጉንፋን ፒክ አፕ አደረግኩ» ይላል፤ ራሱ ጎንበስ ብሎ ያነሳው ይመስላል። ሳያስበው፣ በአውቶቡስ ሲሄድ፣ ቢሮ ሲገባ ማለት ነው። ስለዚህ ይህን ዓረፍተ ነገር ስትተረጉሙ ባለቤቱን ገልብጡት፤ በአማርኛ በሽታን የሚያነሳ ሰው የለም።

ሬዲዮም ጣቢያ «ፒክ አፕ» ያደርጋል። ሞገዱ በአየር ላይ ያልፋል፣ መሣሪያው ይቀበለዋል። እኛ «ጣቢያው ያዘልኝ» እንላለን። በኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ሥር የሚቀመጠው፣ ማግኔትና ጥቅል ሽቦ ያለበት ዕቃ ስሙ ፒክ አፕ ነው፤ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ፈረንሳዮችማ ቃሉን ወስደው የሸክላ ማጫወቻውን በሙሉ ፒክ አፕ ብለው ጠርተውታል። ከዚህ ወደ ሰው ጆሮ አንድ እርምጃ ነው። ሌላው ሰው ያልተናገረውን ቅሬታ ከድምፁ ለይታችሁ ከሰማችሁ፣ «ኦን» የምትል ሦስተኛ ቃል ትጨመርና «ፒክ አፕ ኦን» ይባላል። ቅኔ ስትሰሙ ሰሙን አልፎ ወርቁ ብልጭ ሲልላችሁ እንዳለው ስሜት ነው።

ስልክ ላይ ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ትከሻ ለትከሻ ይሄዳሉ። እነርሱ ስልክ «ፒክ አፕ» ያደርጋሉ፣ እኛ ስልክ እናነሳለን። ድሮ እጀታው በማረፊያው ላይ ይተኛ ስለነበር በእርግጥ ይነሳ ነበር። አሁን በጣት መስተዋት ከማንሸራተት በቀር የሚነሳ ነገር የለም፤ ቃሉ ግን በሁለቱም አገር ከዕቃው በላይ ዕድሜ አግኝቷል።

ይህ መመሳሰል ነው ተማሪዎቼን ገደል የከተታቸው። ስልክ ላይ ከሠራ ሁሉም ላይ ይሠራል ብለው «አነሳ» ባሉበት ሁሉ «ፒክ አፕ» ይደነቅራሉ። የእኛ «አነሳ» ግን ራሱን የቻለ ትልቅ አገር ነው። ፎቶ እናነሳለን፣ ክርስትና እናነሳለን፣ ጥያቄ እናነሳለን፣ ገበታ እናነሳለን። የሞተ ወዳጅን ስም እናነሳለን፤ የጠላነውንም «ስሙን አታንሱብኝ» እንላለን። እጅ እናነሳለን፣ ጦር እናነሳለን። ከእነዚህ አንዱም በ«ፒክ አፕ» አይተረጎምም። አንድ ጊዜ የተማሪ ጽሑፍ ሳርም «ሚኒስትሩ ትናንት ተነሱ» ለማለት «ፒክድ አፕ» ተብሎ አገኘሁ። ከሥልጣን ወረዱ ማለቱ ነበር። እንግሊዛዊ ቢያነበው ግን ወይ ሾፌር መጥቶ ወስዷቸዋል፣ ወይ ፖሊስ ይዟቸዋል ብሎ ነው የሚረዳው። (እርግጥ አንዳንዴ ነገሩ በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል።)

የፖሊሱን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ እንግሊዝኛው እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። «ፖሊስ ፒክ አፕ አደረገው» ሲባል ካቴናውም ዱላውም አይታይም፤ ልክ ዳቦ እንደገዛ ሰው ያለፈ ይመስላል። የእኛ «አፈሱት» ጭካኔውን አይደብቅም። እህል የሚታፈስበትን ቃል ለሰው አውሎታልና ሰምቶ የሚረሳው የለም።

አሁን ደግሞ ትልልቆቹን ይቅርታ ጠይቄ ስለ አንድ ሌላ ትርጉም ልናገር፤ ብተወው ነገ የሚዋረድ ወጣት ይኖራል። አንድ ሰው መሸታ ቤት ወይም ድግስ ላይ የማያውቃትን ሴት አዋርቶ ይዟት ሊሄድ ሲጥር፣ የእኛ ልጆች ጀነጀነ የሚሉትን ሲያደርግ፣ ይህም «ፒክ አፕ» ነው። «የአለቃዬን ባለቤት ከኤርፖርት ፒክ አፕ አደረግኩ» የሚል ሠራተኛ ይመሰገናል። «ከኤርፖርት» የሚለውን ትቶ «ቡና ቤት ውስጥ» ካለ ሌላ ሥራ ይፈልግ። ግሱ አልተለወጠም፤ ቦታው ብቻ ነው የተለወጠው።

ሒሳብ መክፈልም አለ። ምግብ ቤት የሒሳቡ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ቀድሞ ያነሳ ይከፍላል። ስለዚህ ቢሉን «ፒክ አፕ» አደረገ ማለት ጋበዘ፣ ሒሳቡን ዘጋ ማለት ነው። እኛ አገር ወረቀቱን ለማንሳት የሚደረገው ግብግብና «በሞቴ! በአባትህ!» የሚለው መሐላ ቢጨመርበት ትርጉሙ በደንብ ይገባ ነበር።

እስካሁን «እግረ መንገድ» አገልግሎናል። ከዚህ በኋላ ግን አንዳንድ ትርጉም ይሸሸናል። «ገበያው ፒክ አፕ አደረገ» ሲባል ማን ምን አነሳ? ማንም ምንም። እዚህ ሥራውን የሚሠራው «አፕ» ነው፤ ተኝቶ የነበረው ነገር ወደ ላይ ሄደ። ገበያው ቀና አለ፣ ነፋሱ በረታ፣ መኪናው ፍጥነት ጨመረ፣ ታማሚው አገገመ። አማርኛችን እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ጥንቁቅ ነው። «ብድግ አለ» ስንል ራሱ ተነሳ፣ «ብድግ አደረገ» ስንል ሌላውን አነሳ። «ቀና አለ» እና «ቀና አደረገ» እንዲሁ። እንግሊዝኛ ግን ራሱ ለተነሳውም ሌላውን ላነሳውም ያንኑ ልብስ ያለብሳል፤ አንባቢው ከኋላ ተደራጊ ስም መኖር አለመኖሩን አይቶ ይለይ።

ይህ «ብድግ አለ» የሚለው አባባል ወደ ዋናው ሐሳቤ ያደርሰኛል። ሐረጋዊ ግስ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው እየተባለ ሲነገር እሰማለሁ። በፍጹም አይደለም። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? «አለ» ማለት ተናገረ ማለት ነው ብሎ ይጀምራል። ከዚያ «ቁጭ አለ» የሚል ይሰማል። ቁጭ ያለ ሰው ምን አለ? ምንም አላለም። «ዝም አለ» ሲሉትማ ያብዳል፤ ዝም ያለ ሰው እንዴት «አለ» ይባላል? በትግርኛ «ስቕ በለ»፣ በኦሮምኛ «ጨል ጄዼ» የሚሉትም ያው ነው። ትርጉም የሚሸከም አንድ የማይረባ ቃል፣ ከጎኑ ደግሞ የራሱን ትርጉም ጥሎ የሚያገለግል ግስ። ልዩነቱ አሰላለፉ ነው። በእኛ ዘንድ የሚረባው ኋለኛው ነው፤ ዝም አልኩ፣ ዝም አለች። በእንግሊዝኛ የሚረባው ፊተኛው ነው፤ «ፒክድ አፕ» እንጂ «ፒክ አፕድ» የለም። መስተዋት ፊት የቆሙ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የአንዱ ቀኝ የሌላው ግራ።

መሐላቸው ክፍተት መኖሩም ያመሳስላቸዋል። እንግሊዝኛው «እሱን»፣ «እሷን» የሚሉትን ተውላጠ ስሞች የግድ መሐል ያስገባል፤ «ፒክ ሂም አፕ» እንጂ «ፒክ አፕ ሂም» አይባልም። ሙሉ ስም ሲሆን ግን መሐልም ኋላም ይቆማል። ተማሪ ይህን ሕግ ሲሰማ ያማርራል። እኛ ግን «ዝም ነው ያለው»፣ «ቁጭም አላለ» እያልን በሁለቱ መሐል ስንሰነቅር ማንም ሕግ አላስተማረን።

ከሁሉም ይልቅ ለ«ፒክ አፕ» የሚቀርበው የአማርኛ ቅርጽ «ለቀም አደረገ» ይመስለኛል። «ለቀመ» ሥራ ነው፤ ጀርባ ያማል። «ለቀም አደረገ» ግን ቀላል፣ ፈጣን፣ እንደዋዛ ነው። ዶሮዋ ጥሬውን ለቀም አደረገች። ልጁ ወሬውን ለቀም አደረገ። ያው የማለፍ ስሜት እዚህ አለ።

ፈረንጆቹም ቢሆኑ ይህን ጉዳይ አቅልለው አላዩትም። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው ታላቅ መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ እንዲህ ያሉ ጥምሮች ለባዕድ ሰው ከሁሉ የከበዱ መሆናቸውን ጠቅሶ በጥንቃቄ እንደመዘገባቸው ገልጿል። ስማቸውን ግን ለማግኘት ብዙ ቆዩ። ሎጋን ፒርሶል ስሚዝ በ1925 ባወጣው መጽሐፍ ፍሬዛል ቨርብ ብሎ ሲጠራቸው፣ ስሙን ያቀበለው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የነበረው ሄንሪ ብራድሊ መሆኑን ተናግሯል። በ1930 ደግሞ ቻርልስ ኦግደን 850 ቃላት ብቻ ያሉት «ቤዚክ ኢንግሊሽ» የተባለ ቀላል እንግሊዝኛ አቀረበ። ግሶቹ 18 ብቻ ነበሩ! እንዴት በቃው? ግሶቹን ከትንንሾቹ ቃላት ጋር እያጋባ። ቃል ቀነሰ እንጂ ችግር አልቀነሰም፤ ተማሪው ቃላቱን ሁሉ እያወቀ ዓረፍተ ነገሩ የማይገባው ሆኖ ቀረ።

ሐረጋዊው ግስ የሚከብድበት ሌላ ምክንያትም አለ። ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፍርድ ቤቱና የቤተ መንግሥቱ ቃል በብዛት ከፈረንሳይኛና ከላቲን መጣ፤ ሐረጋዊው ግስ በኩሽናና በመንገድ ቀረ። ስለዚህ ዛሬም እያንዳንዱ «ፒክ አፕ» ክራባት ያሰረ ወንድም አለው። ፖሊስ በሪፖርቱ «አሬስት»፣ ሐኪም በመዝገቡ «ኮንትራክት»፣ የቋንቋ ሊቅ በጥናቱ «አኳየር» ይላል። በደብዳቤው «በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው» ብሎ የሚጽፍ የእኛ ሰውም ቡና ሲያዝ እንደዚያ አይናገርም። የእኛ አገር ተማሪ ግን ክራባት ያሰረውን ቀድሞ ይማራል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ውጭ አገር ሲወጣ ፕሮፌሰሩ ይገባዋል፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ አይገባውም።

መድኃኒቱ ዝርዝር ማስሸምደድ አይመስለኝም፤ እኔ አስሸምድጄ አይቼዋለሁ። ቃሉን ከነትዕይንቱ መስጠት ይሻላል፤ ምን ተኝቷል? ማን አለፈ? አብሮ የመጣው ተደራጊ ምንድን ነው?

ሕዝቡ ደግሞ መምህር ሳይጠብቅ ቃሉን ወስዶ በራሱ ልክ ሰፍቶታል። ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳውም፣ አዲስ አበባ በስልክ መተግበሪያ ተሳፋሪ የሚጭነውም «ፒክ ላድርግህ?» ይላል። «አፕ»ን ጣላት። ለምን አይጥላት? «አደረገ» እያለለት ሁለተኛ ረዳት ምን ያደርግለታል? የእንግሊዝኛውን ፊተኛ ቃል ወስዶ በ«ብድግ» ቦታ ተከለው። «ቼክ አደረገ»፣ «ሚስ አደረገ» የሚሉትም በዚሁ በር ነው የገቡት። ቋንቋ ተበላሸ ብለው የሚያዝኑ ጓደኞች አሉኝ፤ እኔ ስሰማው ግን ግሱ የእኛን ሰዋስው ተቀብሎ የገባ እንግዳ ይመስለኛል።

ጎረቤቴ ከአሜሪካ ተመልሰዋል። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስወጣ በአጥር በኩል ጠሩኝ። «ወደ ፋርማሲ ነህ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «እንግዲያው የእኔንም የግፊት መድኃኒት እግረ መንገድህን ፒክ አድርግልኝ» አሉና ብሩን በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ።